የቀይ ቀበሮ ቡችሎችን ፎቶ እንዴት እናንሳ?

ኮምፒውተሬ ውስጥ ያላጠፋሁት አንድ ፎቶ አለ። ድንጋይ ነው። ከሥሩ ጥቁር ቀዳዳ ይታያል፤ ሌላ ምንም የለም። እሱን ለማንሳት ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ፣ ባሌ ተራሮች ውስጥ ባለው ሳነቴ አምባ ላይ በ4,000 ሜትር ከፍታ ስንቀጠቀጥ አድሬያለሁ። የሄድኩት የቀይ ቀበሮ ቡችሎች ላነሳ ነበር። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የራሴ ነው።

መቼ ይኬዳል?

ቀይ ቀበሮ በዓመት አንዴ ትወልዳለች፤ ባሌ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ውስጥ። ቡችሎቹ ከጎሬው ብቅ የሚሉት ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው ነው። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ከገና እስከ ጥምቀት ያለውን ጊዜ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ቡችሎቹም እርስ በርስ መታገል ጀምረዋል። ብርዱ ግን ቀልድ አያውቅም፤ ሌሊት አመዳይ ይጥላል።

ፈቃድና አስጎብኚ የሚገኘው ዲንሾ ከተማ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ነው። ብቻዬን እሄዳለሁ አትበሉ። በቀጥታ ወደ ሳነቴም አትውጡ፤ ዲንሾ ወይም ጎባ አንድ ሌሊት እደሩ። የከፍታው ራስ ምታት ከያዛችሁ ፎቶው ይቀርባችኋል።

ዕቃ

እስከ 400 ወይም 600 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ያስፈልጋል። ከዚህ ያነሰ ካላችሁ ቡችሎቹን ተዉና ጅብራውን፣ አምባውንና ደመናውን አንሱ፤ እሱም ያምራል። ሹተሩ (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ድምፅ የማያሰማ ካሜራ ቢሆን ይመረጣል። ትራይፖድ ይዤ ሄጄ ነፋሱ ሲያወዛውዘው ነው የዋለው። አሁን የምጠቀመው ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ነው። ባዶውን እወስድና ጎባ ገበያ ገብስ ሞልቼ፣ አፉን ጠበቅ አድርጌ እሰፋዋለሁ። ሌንሱን ደግፎ ይይዛል፤ በዚያ ላይ መሬት ላይ ተኝታችሁ በቡችላው ዓይን ልክ ታነሳላችሁ። ስትመለሱ ገብሱ ቆሎ ይሆናል። ትርፍ ባትሪ ደግሞ በውስጥ ኪስ፣ ሰውነት አጠገብ ይቀመጥ፤ ብርድ ቶሎ ይጨርሰዋል።

ከጎሬው መራቅ

የኔ ስህተት እዚህ ጋ ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ አስጎብኚው፣ ዕድሜ የጠገቡ ሰው፣ ከሩቅ አንድ ትልቅ ድንጋይ አሳዩኝና «እዚሁ ተቀመጥ» አሉኝ። ከ100 ሜትር በላይ ይሆናል። በሌንሴ ሳየው ቡችሎቹ የጉንዳን ያህል ሆኑብኝ። እሳቸው ሻይ ሊቀዱ ዞር ሲሉ ጎንበስ ብዬ ተጠጋሁ። ሠላሳ ሜትር ያህል ሲቀረኝ እናትየው አየችኝ። መጀመሪያ «ኡፍ» የሚል የማንኮራፋት ዓይነት ትንፋሽ አወጣች። ከዚያ ቶሎ ቶሎ መጮኽ ጀመረች። ቡችሎቹ በአንድ ጊዜ ጉድጓድ ገቡ። ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ፤ አልወጡም።

በማግስቱ ጠዋት ጎሬው ባዶ ነበር። «ሌሊት በአፏ ተሸክማ ወስዳቸዋለች» አሉኝ ሽማግሌው። አልተቆጡም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ያሳፍራል። ቀይ ቀበሮ ስትረበሽ ልጆቿን ወደ ሌላ ጎሬ ታዛውራለች። ያን ውርጭ ያልለመደ ቡችላ ሜዳ ላይ ሲጓጓዝ፣ ንስርም ጅብም ባለበት አገር፣ ምን ሊደርስበት እንደሚችል አስቡት። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም። ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ደግሞ ባሌ ነው።

በሁለተኛው ዓመት እኚሁ ሰውዬ ጋ ተመለስኩና ነገሩን እንደገና አስተማሩኝ። ጎሬውን አትመልከት፣ ትልልቆቹን ተመልከት አሉኝ። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፤ የምትወልደው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዷ አለቃ ናት። ሌሎቹ ያግዟታል። በቀን ለየብቻቸው ወጥተው ፍልፈልና አይጥ ያድናሉ፤ ሆዳቸው ሲሞላ ወደ ጎሬው ይመለሳሉ። ቡችሎቹ አዋቂውን ሲያዩ ሮጠው አፉን ይልሱታል፤ እሱም የበላውን ያስታውክላቸዋል። ጥሩው ፎቶ ያኔ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ከ100 ሜትር ያላነሰ ርቀት ላይ፣ ነፋሱ ከእነሱ ወደ እናንተ በሚነፍስበት በኩል ተቀመጡ። ሰማዩ ከኋላችሁ እንዳይሆን፤ ጉብታ ላይ የቆመ ሰው ከሩቅ ይታያል። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ድረሱና ከዚያ በኋላ አትነሱ። ሽንትም ቢሆን ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በሌንሱ የሚመለሰውን አዋቂ ፈልጉ። ወደ ጎሬው ሲቃረብ ፎከሱን ቀዳዳው አፍ ላይ አድርጉና ጠብቁ። ያቺን «ኡፍ» ከሰማችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ የዚያ ቀን ሥራ አብቅቷል።

አዎ፣ ቡችላው በፎቶው ውስጥ ትንሽ ነው የሚሆነው። ይሁን። ድንጋዩና አመዳይ የለበሰው ሣር አብረው ሲገቡ የት እንደሚኖር ይታያል። ፊቱን ብቻ ካነሳችሁትማ የጎረቤት ቡችላ ነው የሚመስለው።

ብርሃኑ

ትልልቆቹ እንደ ስማቸው ቀይ ናቸው። ቡችሎቹ ግን ሲወለዱ ከሰል ነው የሚመስሉት፤ ደረታቸውና ሆዳቸው አካባቢ ብቻ ፈዘዝ ያለ ነው። ካሜራው ደግሞ ዙሪያውን ያለውን ነጣ ያለ ሣር አይቶ ሙሉውን ፎቶ ያጨልመዋል። ውጤቱ ሁለት ዓይን ያለው ጥላ ነው። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ፎቶው የሚቀበለውን ብርሃን፣ በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ ነው) ወደ ላይ አድርጉት፤ አመዳይ ካለ እስከ አንድ ስቶፕ። በሮው (RAW)፣ ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል፣ አንሱ። የሹተሩ ፍጥነት ከ1/1000 ሰከንድ አይውረድ፤ ሲታገሉ 1/1600 ይሻላል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 1600 ብታደርሱት ምንም አይላችሁም።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ይርገበገባል። በዚያ ርቀት የትኛውም ውድ ሌንስ ቢሆን ጥርት አያደርገውም። እኔ ያኔ እንቅልፌን ተኝቼ ከአሥር ሰዓት በኋላ እመለሳለሁ።

ከመነሳታችሁ በፊት

የበላችሁትን ፍርፋሪ ለቅማችሁ ውሰዱ። ፍርፋሪ ውሻ ይጠራል፤ ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣል። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮዎችን ደጋግሞ የፈጀው ይህ በሽታ ነው። ቡችሎቹን ለማስወጣት ብላችሁ ሥጋ አትወርውሩ፤ የቀበሮ ድምፅም በስልክ አታጫውቱ። ድሮን በፍጹም አይሆንም።

ፎቶውን ከመለጠፋችሁ በፊት የጂፒኤስ መረጃውን ከፋይሉ ላይ አጥፉ። የትኛው ድንጋይ፣ ከየትኛው መታጠፊያ በኋላ ብላችሁም አትጻፉ። «ባሌ» ካላችሁ ይበቃል።