ድርጅቱ ሲዘጋ የስንብት ክፍያን የሚያስቀሩ ስህተቶች

ካፌ፣ ማተሚያ ቤት ወይም ሚኒማርኬት ለዘለቄታው ሲዘጋ ሠራተኛው «መልካም ዕድል» ተብሎ ብቻ አይሸኝም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ ይፈቅዳል፤ መዘጋቱ በኪሳራም ይሁን በሌላ ምክንያት። ገንዘቡ በብዛት የሚቀረው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በተፈረመ ወይም ሳይያዝ በቀረ ወረቀት ነው።

መልቀቂያ መጻፍ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። «ለፋይሉ ያህል መልቀቂያ አስገቡ፣ የሥራ ልምዱን ዛሬውኑ እንሰጣችኋለን» ይባላል። «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ደብዳቤ ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሠራተኛ ስንብት የሚያገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለ ነው። 5 ዓመት የሞላውም ቢሆን በመዘጋት ምክንያት የሚጨመረውን የ60 ቀን ደመወዝ ያጣል። የሥራ ልምድ ማስረጃ መስጠት እንደሆነ የአሠሪው ግዴታ ስለሆነ መደራደሪያ ሊሆን አይገባውም። እርስዎ መጠየቅ ያለብዎት «ድርጅቱ በቋሚነት በመዘጋቱ የሥራ ውሉ ከዚህ ቀን ጀምሮ ተቋርጧል» የሚል፣ ቀንና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው።

ስሌቱን ራስ አለመሥራት። መነሻው የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት ይህ በ30 ይባዛል። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። ከዓመት በታች ያገለገለም በአገልግሎቱ መጠን ይከፈለዋል። ድርጅቱ ስለተዘጋ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። በወር 9,000 ብር እየተከፈላት 4 ዓመት የሠራች ካሸር እንውሰድ፦ ለመጀመሪያው ዓመት 9,000፣ ለቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት 3,000 በ3 ሲባዛ 9,000፣ ተጨማሪው የ60 ቀን 18,000፤ ድምሩ 36,000 ብር። አሠሪው «የአራት ዓመትሽ» ብሎ 18,000 ብቻ ቢያወጣ ስሌቱ ትክክል ይመስላል፤ ግን ግማሽ ነው። የትራንስፖርት አበል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና ኮሚሽን በሕጉ ደመወዝ ስላልሆኑ ውስጡ አይገቡም። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተተምኖ ለብቻው ይከፈላል፣ ከስንብቱ ጋር አይደባለቅም።

ዋናው ችግር የሚመጣው ውሉ ላይ 4,000 ተጽፎ ቀሪው 5,000 በእጅ ሲሰጥ ነው። በባንክ ወይም በቴሌብር የገባ ገንዘብ ካለ መግለጫውን ድርጅቱ ሳይዘጋ ያውጡት። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ ግን መብቱን አያስቀርም።

«ስንከፍት እንጠራችኋለን»ን አምኖ መቀመጥ። ሥራ ባልታሰበ ችግር ለጊዜው ሊታገድ ይችላል፤ እገዳው ግን ከ90 ቀን አይበልጥም። ስንብትን ጨምሮ ከሥራ መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ ውሉ በተቋረጠ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው ያልፍበታል። የስልክ ቃል ቆጠራውን አያቆመውም። አሠሪው «ይህን ያህል አለብኝ» ብሎ በጽሑፍ ካመነ፣ ወይም ለፍርድ ቤት ክስ ከቀረበ ግን ይቋረጣል። ስለዚህ «ቀስ ብዬ እከፍላለሁ» የሚል አሠሪ ቢያንስ ይጻፈው።

«ትንሽ ነን፣ ሕጉ አይመለከተንም» ወይም «ጡረታ ይከፈልላችሁ ነበር» የሚሉ መልሶችን መቀበል። ሁለቱም ስህተት ናቸው። አዋጁ የሠራተኛ ቁጥር መነሻ አላስቀመጠም፤ ጡረታም በመዘጋት የሚከፈለውን ስንብት አይተካም። ከአዋጁ ውጭ የሆኑት እንደ ቤት ሠራተኛና የሥራ መሪ (ድርጅቱን የመምራት ሥልጣን ያለው ኃላፊ) ያሉት ናቸው። ደብዳቤ ላይ «ማናጀር» መባል ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግም።

ሽያጭን ከመዘጋት ጋር ማምታታት። ሱቁ ለአዲስ ባለቤት ከተላለፈ ውሉ አይቋረጥም፤ አገልግሎቱም ይቀጥላል። አዲሱ ባለቤት «ከዜሮ እንጀምር» ቢል አዲስ ውል ለመፈረም አይቸኩሉ።

የአሠሪውን ሕጋዊ ስም አለማወቅ። በር ላይ የተሰቀለው ስም አይከሰስም። ነጠላ ነጋዴ ከሆነ ተጠያቂው ግለሰቡ ራሱ ነው፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ደግሞ ማኅበሩ። ብዙ ጊዜ ከካሽ ሬጅስተሩ ጀርባ በመስታወት ተሰቅሎ ያለውን ንግድ ፈቃድ በስልክ ያንሱት። የደንበኛ ደረሰኝ ራሱ የግብር ከፋዩን ስምና ቲን ቁጥር ይዟል፤ አንድ ያስቀምጡ።

«ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ፈርሞ መተው። ሠራተኛ በሕግ ያገኘውን መብት ቢተው ሕጋዊ ውጤት የለውም፤ ስለዚህ ፈርመውም ቢሆን ቀሪውን ይጠይቁ። ሲቀበሉ «ከሚገባኝ ላይ 18,000 ብር ተቀብያለሁ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ተጨማሪ ሊያስከፍል ይችላል። ሠራተኛው ለክሱ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

ዕቃው እስኪሸጥ መዘግየት። ከሥራ ግንኙነት የመነጨ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው። ቅድሚያው የሚጠቅመው ግን የሚሸጥ ነገር ሲኖር ነው፦ የማኪያቶ ማሽኑና ፍሪጁ በጭነት መኪና ከወጡ በኋላ የተፈረደ ፍርድ የሚይዘው ንብረት ፍለጋ ይዞራል። ክሱን ሲያስገቡ ንብረቱ እንዲታገድ አብረው ያመልክቱ፤ የዕቃዎቹን ዝርዝርም ያያይዙ።