የተቆራረጡ የማይክሮቲዩብል ምስሎችን ያስተካከለው ሙቅ መጠገኛ
በሬቲኖይክ አሲድ ነርቭ መሰል ቅርጽ እንዲይዙ የተደረጉ የኤስኤች-ኤስዋይ5ዋይ ሴሎችን (በቤተ ሙከራ የሚያድጉ የሰው የነርቭ ካንሰር ሴሎች) አልፋ ቲዩቡሊን በተባለው ፕሮቲን ላይ በሚጣበቅ አንቲቦዲ ስናቀልም፣ በቀጫጭኖቹ የሴል ቅጥያዎች ውስጥ ያለማቋረጥ መዘርጋት የነበረባቸው ማይክሮቲዩብሎች (ከቲዩቡሊን የተሠሩ ቱቦ መሰል የሴል ክሮች) ተቆራርጠው፣ በሴሉ አካል ውስጥ ደግሞ እንደ ጭጋግ ተበትነው ይታዩ ነበር። አንቲቦዲውን በአዲስ መተካትም ሆነ መጠኑን መጨመር ዳራውን ከማድመቅ በቀር የፈየደው ነገር አልነበረም።

ፍንጩ የተገኘው፣ በዚያው ስላይድ ላይ አክቲንን በሚያቀልመው በፋሎይዲን የቀለሙት የአክቲን ክሮች (ሌላ ዓይነት የሴል ክሮች) ጥርት ብለው መታየታቸውን ስናስተውል ነው፤ ችግሩ የማይክሮቲዩብሎቹ ብቻ ነበር ማለት ነው። ማይክሮቲዩብሎች በቅዝቃዜና በካልሲየም ስለሚፈርሱ፣ ከማቀዝቀዣ የወጣ ፎርማልዴሃይድ (ሴሎችን እንዳሉ የሚያቆይ መጠገኛ ኬሚካል) አስሮ ከመያዛቸው በፊት ብዙዎቹ ወደ ቲዩቡሊን ይበተናሉ።

የሠራው እርምጃ ይህ ነው፦ 80 ሚሊሞላር ፓይፕስ፣ 1 ሚሊሞላር ማግኒዥየም ክሎራይድና 1 ሚሊሞላር ካልሲየምን የሚይዝ ኢጂቲኤ ባለው፣ ፒኤቹ 6.8 በሆነ በፈር (ፒኤች እንዳይለዋወጥ የሚያደርግ ፈሳሽ) ውስጥ 4 በመቶ ፎርማልዴሃይድና 0.1 በመቶ ግሉታራልዴሃይድ የተባለ ሌላ መጠገኛ አዘጋጅተን፣ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ አሙቀን፣ ሴሎቹ ከኢንኩቤተር እንደወጡ ሳይቀዘቅዙ ጨመርንባቸው። ግሉታራልዴሃይድ የራሱን የፍሎረሰንስ ብርሃን ስለሚያስከትል በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ማክሰም ያስፈልጋል፤ አረፋው ሴሎቹን እንዳያላቅቅ ግን በቀስታ ይጨመር። የአክቲን ምስል ለማይፈልግ ሰው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሆነ ሜታኖልም ይበቃል፤ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፕሮቲኖቹን ወዲያው ስለሚያረጋ ለመፍረስ ጊዜ አይሰጣቸውም፣ የፋሎይዲንን ቅልመት ግን ያበላሻል።