ለመኪናችሁ ቸርኬ ትክክለኛውን የጎማ ዳዶ እንዴት ትመርጣላችሁ?

ዳዶ (ቸርኬውን ከመኪናው ጋር የሚያስረው ፍሬ) ጠፍቶባችሁ ወይ ቸርኬ ቀይራችሁ መለዋወጫ ሱቅ ስትሄዱ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "የምን መኪና ነው?" ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው ግን ግማሽ ነው፣ ምክንያቱም ዳዶው ከመኪናው ጋር የሚገናኘው በጥርሱ ሲሆን ከቸርኬው ጋር የሚገናኘው ደሞ በመቀመጫው፣ ማለትም የቸርኬውን ቀዳዳ በሚነካው ፊቱ ነው፣ ስለዚህ "የቪትዝ" ብላችሁ ብቻ ከገዛችሁ ጥርሱ ገጥሞ መቀመጫው ላይገጥም ይችላል። ሲታሰር ደሞ አይታወቅም፣ ጥብቅ ያለ ነው የሚመስለው።

1. ጥርሱን እወቁ

አብዛኞቹ የቶዮታ መኪኖች፣ ቪትዝም ያሪስም ኮሮላም ሃይሉክስም፣ 12 በ1.5 ናቸው። 12 ማለት ዳዶው የሚገባበት፣ ከመኪናው የወጣው ብሎን ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ 1.5 ደሞ ከአንዱ ጥርስ እስከ ሚቀጥለው ያለው ርቀት። ሀዩንዳይ፣ ኪያ፣ ሆንዳም በአብዛኛው እንደዛው ነው። ሱዙኪ ዲዛየርና ስዊፍት ግን 12 በ1.25 ናቸው፣ ብዙዎቹ የኒሳን አውቶሞቢሎችም። ላንድክሩዘር 200 ወፈር ይላል፣ 14 በ1.5።

እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ የ1.5 ዳዶ በ1.25 ብሎን ላይ አንድ ሁለት ዙር ይገባና አልሄድ ይላል፣ ጎሚስታው ያኔ በኤር ጋን ከነዳው ጥርሱን በልቶት ያልፋል። ስለዚህ ሁሌም መጀመሪያ በጣት ብቻ አስገቡት፣ ትክክለኛ ዳዶ ቁልፍ ሳይነካው እስከ ቸርኬው ድረስ ይሄዳል።

2. መቀመጫውን ከቸርኬው ቀዳዳ ጋር አስተያዩ

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሶስት አይነት አለ። ሾጣጣ የሆነው (60 ዲግሪ) በብረት ቸርኬዎችና ከገበያ በሚገዙ አብዛኞቹ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ላይ ይገባል። እንደ ኳስ ክብ ያለው የሆንዳ ኦሪጂናል ቸርኬ ላይ ነው፣ ቮልስዋገንም እንደዛ ነው። ሶስተኛው ጠፍጣፋ ሆኖ ሮንዴላ (ቀለበት ብረት) ያለው ነው፣ ይሄ የብዙ ቶዮታ ኦሪጂናል አሉሚኒየም ቸርኬ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኦሪጂናሉን ቸርኬ አውጥቶ ከገበያ ሌላ ሲገዛ ዳዶውን የድሮውን ሲያስቀጥል ነው። ባለ ሮንዴላው ዳዶ ሾጣጣ ቀዳዳ ላይ ሲታሰር የሚነካው ጠርዙን ብቻ ነው፣ ስለዚህ እየላላ ይሄዳል ወይ አሉሚኒየሙን ይሰነጥቀዋል። ከተጠራጠራችሁ የዳዶውን መቀመጫ በማርከር ቀቡትና አስራችሁ ፍቱት፣ ቀለሙ ዙሪያውን ሰፋ ብሎ ከለቀቀ ገጥሟል፣ ቀጭን መስመር ብቻ ከሆነ መልሱት።

ስኮርታውስ (መጠባበቂያው ጎማ)? የቶዮታ ባለ ሮንዴላ ዳዶ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ የብረት ስኮርታውን በሱ ማሰር ይቻላል። የሌላ ቸርኬ ዳዶ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ቤት ሆናችሁ ሞክሩት፣ ጎማ የሚፈነዳው ጎሚስታ በሌለበት ነው።

3. ርዝመቱ

ዳዶው ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል መግባት አለበት። በዙር ሲቆጠር ለ12 በ1.5 8 ዙር፣ ለ12 በ1.25 ደሞ 10 ዙር አካባቢ ነው። አፉ የተዘጋ ዳዶ ቆንጆ ነው፣ ውሃና ጭቃም አያስገባም፣ ግን ብሎኑ ረጅም ከሆነ ጫፉ ውስጡን ነክቶ ይቆማል፣ እናንተ ጠበቀ ትላላችሁ ቸርኬው ግን አልተያዘም።

እነ አይዲ 4፣ መርሴዲስና ቢኤምደብሊው ከመኪናው የወጣ ብሎንና ዳዶ ሳይሆን በቸርኬው ቀዳዳ አልፎ ወደ ውስጥ የሚታሰር ብሎን ነው ያላቸው። እዛ ላይ አጭር ከሆነ ጥቂት ጥርስ ነው የሚይዘው፣ ከረዘመ ደሞ ከኋላ ያለውን የፍሬን ክፍል ሊነካ ይችላል።

4. ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ

አንዳንድ ስፖርት ቸርኬ ተራ ቁልፍ አያስገባም፣ ቀጭን፣ ውጪውም ጥርስ ያለው ዳዶ በልዩ ቁልፉ ነው የሚታሰረው። ቁልፉ ከመኪናው እንዳይወጣ፣ ከጠፋ ዳዶውን ማውጣት ስቃይ ነው።

5. አስተሳሰሩ

ጥርሱ ንጹህና ደረቅ ይሁን፣ ዘይትና ግሪስ አትቀቡ። በጣት አስገብታችሁ ትይዩ ትይዩውን አጥብቁ፣ የመጨረሻውን መኪናው መሬት ከነካ በኋላ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)። ለቪትዝና ኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ላንድክሩዘር 200 ላይ ደሞ የአሉሚኒየሙ 131 ሲሆን የብረቱ 209 ነው፣ መኪናው ያው ሆኖ ቸርኬው ብቻ ተቀይሮ ማለት ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩን ከመኪናው ማኑዋል እዩ። 80 ወይ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ደግማችሁ ፈትሹ።

የቆየ አይሱዙ ኤንፒአር ያላችሁ፣ በግራ በኩል ያሉት ብሎኖች ላይ ኤል የሚል ምልክት ካለ ጥርሳቸው የግራ ነው፣ የሚፈታው በተቃራኒው ዞሮ ነው፣ ዳዶም ስትገዙ የግራ ብላችሁ ጠይቁ።