ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ኢንጀክሽን መኪና፦ ቤንዚኑን ማን አዘዘው?

ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ከኋላ ሲቆሙ የቤንዚኑ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) ይንገጫገጫል፣ ነዳጅም ከወትሮው በላይ ይበላል። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን የሚቃጠለው ዘይት ስለሆነ ይህ ጽሑፍ አይመለከትዎትም።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሮጦ የሚገዛው በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ለክቶ ለኮምፒውተሩ የሚናገረውን ኦክስጅን ሴንሰር ነው። እኔም አንዴ ገዝቼ ቀይሬያለሁ፤ መኪናው ግን ያንኑ ጭሱን ይዞ ተመለሰ። በመጨረሻ የቤንዚኑን ግፊት የሚቆጣጠረውን የሬጉሌተሩን ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ስነቅል ቤንዚን ጣቴ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ቤንዚን የሞተሩ ኮምፒውተር ነው ያዘዘው ወይስ ሳይታዘዝ ነው የገባው?

መጀመሪያ ካንዴላዎቹን ሁሉ ፈትተው በተራቸው ይደርድሯቸው። አንዱ ብቻ በደረቅ ጥላሸት ከጠቆረ የዚያን ሲሊንደር ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨውን) ይጠርጥሩ። ሁሉም ከጠቆሩ ምክንያቱ የጋራ ነው።

ሳይታዘዝ የሚገባው

ሞተሩን አጥፍተው የሬጉሌተሩን ቱቦ ይንቀሉ። ውስጡ ቤንዚን ካለ የሬጉሌተሩ ዲያፍራም (ስስ ሽፋኑ) ተቀዷል፤ ሬጉሌተሩ ይቀየር። ደረቅ ከሆነ የግፊት መለኪያ ይግጠሙ። በብዙዎቹ የቆዩ መኪኖች ቱቦው ተነቅሎ ከ2.5 እስከ 3 ባር ይነበባል፤ ሚኒሞ ላይ ቱቦውን ሲመልሱት ግማሽ ባር ያህል መውረድ አለበት። ከዚህ በጣም ከበለጠ ሬጉሌተሩን ከመኮነንዎ በፊት ወደ ታንኩ የሚመልሰው መስመር ተጣሞ ወይም ተደፍኖ እንደሆነ ይዩ።

የሞቀ ሞተር ሃያ ደቂቃ ቆሞ ሲነሳ ሞተሪኖው ብዙ የሚዞር፣ ነዳጁን ረግጠው ሲይዙት ጥቁር ጭስ ተፍቶ የሚነሳ ከሆነ ኢንጀክተር እያንጠባጠበ ሊሆን ይችላል። ኢንጀክተሮቹን ከነማከፋፈያ ቧንቧቸው ያንሱ፤ የካንዴላውን እሳት አቋርጠው ፓምፑን ብቻ ያሠሩና ጫፎቻቸውን ይመልከቱ። አንድም ጠብታ መውረድ የለበትም። ይህ ሥራ በቀዘቀዘ ሞተር፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገብ ይደረጋል። ሲጋራማ ጨርሶ አይታሰብም።

ኮምፒውተሩ ተታልሎ የሚያዘው

ኮምፒውተሩ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ለማድረስ ይሠራል፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ግን ቤንዚኑን ሆን ብሎ ያበዛል። ስለዚህ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ «ገና አልሞቀም» እያለ ከዋሸው ቀኑን ሙሉ ሲያበዛ ይውላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅ ልክ ስላሳየ ሴንሰሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። በብዙ የቆዩ መኪኖች ለጌጁ የሚሠራው ባለ አንድ ሽቦው ነው፤ ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ባለ ሁለት ሽቦው ሌላ ነው። ሶኬቱን ነቅለው በመልቲሜትር ይለኩት። አብዛኛው ዓይነት በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ያሳያል። ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ካለ መጀመሪያ ያጽዱት፤ ዝገቱ ኦሙን ስለሚጨምር ለኮምፒውተሩ ቅዝቃዜ መስሎ ይታየዋል። ጌጁም ከፍ የማይል ከሆነ ግን ሴንሰሩ እውነቱን ነው፤ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋው ቴርሞስታት ተከፍቶ ቀርቷል።

የማኒፎልድ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቧንቧ) ግፊት ሴንሰር ባለው መኪና የሴንሰሩ ቱቦ ከተሰነጠቀ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ከባድ ጭነት የያዘ ይመስለውና ያበዛል። ቱቦ መቀየር ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም። «የአየር ፊልትሮው ቆሽሾ ነው» የሚለው ግን የካርቡሬተር ዘመን ምክር ነው፤ እዚህ ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ ስለሚያዝ የቆሸሸ ፊልትሮ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ይህን ያህል አያጨስም።

ኦክስጅን ሴንሰር

በሞቀ ሞተር ላይ ቮልቱ በ0.1 እና በ0.9 መካከል መመላለስ አለበት። 0.9 አካባቢ ከቆመ ሴንሰሩ «ቤንዚን በዝቷል» እያለ እውነቱን እየነገረዎት ነው፤ አይቀይሩት። ጭሱ እየወጣ 0.1 ላይ ከቀረ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ግን ከሱ በፊት ያለው የጭስ ቱቦ አየር ካስገባ፣ ወይም አንድ ካንዴላ እሳት ከሳተ፣ ያልተቃጠለ ኦክስጅን ይደርሰውና ደህናው ሴንሰርም «አንሷል» ይላል። ኮምፒውተሩም አምኖት ይጨምራል።

ጥፋቱ ከተገኘ በኋላ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥተው ያሽቱት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ፣ ጊዜው ባይደርስም ዘይቱን ከነፊልትሮው ቀይረው ነው መንዳት።