ከባሕር ዳር እስከ ዋሽንግተን፦ የበረራን ርቀትና ሰዓት በእርሳስ ማስላት

ጎጃም ውስጥ ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ የሚጠብቅ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ሲሆን፣ መልሱን ማንንም ሳያስቸግሩ በወረቀትና በእርሳስ ማግኘት ይቻላል።

ሥራው ከርቀቱ ይጀምራል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ደጀን ደርሶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ የሚሄደው የመኪና መንገድ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአየሩን ለማግኘት ግን የሁለቱን ኤርፖርቶች ኬክሮስና ኬንትሮስ ይያዙ፦ ባሕር ዳር 11.6 ሰሜንና 37.3 ምሥራቅ፣ ቦሌ 9.0 ሰሜንና 38.8 ምሥራቅ። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የኬክሮሱ ልዩነት 2.6 ዲግሪ በ111 ሲባዛ 289 ኪሎ ሜትር፣ የኬንትሮሱ 1.5 ዲግሪ ደግሞ በእኛ አካባቢ በ109 ሲባዛ 164 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሁለቱን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተው ከደመሩ በኋላ ካሬ ሥሩን ሲያወጡ 330 ገደማ ይመጣል፤ ዓባይን ለመሻገር የምንከፍለው ጥምዝምዝ ምን ያህል እንደሆነ ያን ጊዜ ይታያል።

ይህ ስሌት ለሩቅ ከተማ አይሠራም፤ ምድር ክብ ናትና። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ያለውን አጭር መንገድ ለማየት በሉል ላይ ክር መወጠር ይበቃል፤ ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ አቅንቶ በሜዲትራኒያን በኩል ያልፋል፣ ርዝመቱም ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው።

ጊዜውን ለማወቅ ርቀቱን አውሮፕላን በሰዓት ለሚበርበት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ አካፍለው ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ፤ ከ13 ሰዓት ጥቂት ያልፋል። በዚያ ከፍታ ነፋሱ በብዛት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ወደ እኛ መምጣቱ ያጥራል፣ መሄዱ ይረዝማል። ቦሌም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ፣ ሙሉ ነዳጅና ጭነት ይዞ መነሣት ይከብዳል፤ በመሄጃው በረራ መካከል ላይ አርፎ ነዳጅ መሙላት የሚያጋጥመው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በሰዓቱ ንባብ ነው። ዋሽንግተን ከእኛ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በጥር 11:00 ላይ ከዚያ የተነሣ ሰው፣ በቲኬት አቆጣጠር እዚህ 19:00 ሆኖ ሳለ ነው የተነሣው፤ 13 ሰዓት ሲጨመርበት በማግስቱ 08:00 ያርፋል። ከዚህ ላይ 6 ሲቀነስ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ አክስቴን ለመሸኘት 08:15 የሚለውን ቲኬት «ስምንት ሰዓት ከሩብ» ብዬ አንብቤ፣ ቆሎዋንና ድርቆሿን በሁለት ፌስታል አስይዤ ሰባት ሰዓት ላይ ኤርፖርት አደረስኳት፤ አውሮፕላኑ ጠዋት ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ቲኬት በእጄ ሲገባ ከእያንዳንዱ ሰዓት ጎን የሐበሻውን በእስክሪብቶ ሳልጽፍ አላስቀምጠውም።