ሞተሪኖው ያዞራል፣ ካንዴላው ግን እሳት የለውም፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

ቁልፉን ትከፍታላችሁ፣ ማስነሻውን ትጫናላችሁ፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ያዞራል። ሞተር ሳይክሉ ግን አይነሳም። ካንዴላውን (በብልጭታ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ዕቃ) ፈትታችሁ ስታዩት እሳት የለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ቀጥታ ወደ ዕቃ መሸጫ ነው የሚሮጠው። ሲዲአይ (እሳቱን በጊዜው የሚለቀውን የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) ይገዛል፣ ይገጥማል፣ ለውጥ የለም። ቦቢና ይጨምራል፣ አሁንም ያው። መጨረሻ ላይ ጥፋቱ የዛገ ሶኬት ወይም ውስጥ ለውስጥ የተበጠሰ ሽቦ ሆኖ ይገኛል። ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ያ ሁሉ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በአንድ ርካሽ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ሊታወቅ ይችል ነበር።

መጀመሪያ መንገዱን እንያዝ። ኃይሉ ከባትሪ ከሆነ በቁልፍና በማጥፊያ ስዊቹ በኩል፣ ከስታተር (ሞተሩ ሲዞር ኃይል ከሚያመነጩት ጥቅልሎች) ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ሲዲአይ ጋ ይደርሳል። ከቮላኖው (ከሞተሩ ዘንግ ጋር ከሚዞረው ባለ ማግኔት ጎማ) አጠገብ ያለችው ፒክአፕ ፒስተኑ የት እንደደረሰ ለሲዲአዩ ምልክት ትሰጣለች። ሲዲአዩ ወደ ቦቢናው ይለቃል፣ ቦቢናው ደግሞ ቮልቴጁን ወደ አሥር ሺዎች አሳድጎ በወፍራሙ ገመድ ወደ ካንዴላው ይልካል። የትም ቦታ ላይ ቢቋረጥ ውጤቱ አንድ ነው፤ እሳት የለም። ስለዚህ ካንዴላውን ብቻ አይቶ የትኛው ዕቃ እንደሞተ መናገር አይቻልም።

ካንዴላውን በእጅ ይዞ ወይም ቀዳዳው አፍ ላይ አድርጎ መሞከር

ይሄ የደህንነት ጉዳይ ስለሆነ አስቀድሜዋለሁ። ካንዴላውን ፈታችሁ ቀዳዳው ክፍት እያለ ስታዞሩ በቀዳዳው የቤንዚን ጭጋግ እየተረጨ ይወጣል። እዚያው አጠገብ ብልጭታ ካለ እሳት ሊነሳ ይችላል። ካንዴላውን ወይም ኮፍያውን (ካንዴላው ላይ የሚሰካውን የገመዱን ጫፍ) በእጅ መያዝም ኃይለኛ ንዝረት አለው፤ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ላለው ሰው ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

ጥሩው መንገድ ይሄ ነው፦ የድሮውን ካንዴላ ከቀዳዳው ሳትፈቱ ኮፍያውን ብቻ አውልቁ። ደህና መሆኑ የታወቀ ሌላ ካንዴላ ኮፍያው ውስጥ አስገቡ። የካንዴላውን የብረት አካል ቀለም የሌለበት የሞተር ብረት ላይ አስደግፋችሁ በሽቦ እሰሩት። ከዚያ ጥላ ቦታ ሆናችሁ አዙሩ፤ ፀሐይ ላይ ደካማ ብልጭታ አይታይም። ሰማያዊና "ጠቅ" የሚል ድምፅ ያለው ከሆነ ጥሩ ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ እሳት አለ ቢባልም ደካማ ነው፣ ሲሊንደር ውስጥ በተጨመቀ አየር ላይዘል ይችላል።

ኮፍያውን ካንዴላ ሳታስገቡበት ወይም ካንዴላው ብረት ሳይነካ አታዙሩ። ያ ሁሉ ቮልቴጅ መውጫ ሲያጣ የቦቢናውን የውስጥ ሽፋን ይበሳል፣ አንዳንዴም ሲዲአዩን ይዞት ይሄዳል። ደህና የነበረ ዕቃ በፍተሻ ጊዜ የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

"ሞተሪኖው ካዞረ ባትሪው ደህና ነው" ማለት

አይደለም። ሞተሪኖው ሲዞር አብዛኛውን ኃይል ለራሱ ነው የሚወስደው። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሳይሠራ ሲቀመጥ 12.6 ቮልት ገደማ ያነባል። ይሄ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርጋችሁ እያዞራችሁ እዩት። ከ10 ቮልት በታች ከወረደ፣ ከባትሪ የሚሠራ ሲዲአይ ወይም ኮምፒውተር ያለው ሞተር ሳይክል እሳት ሊያቆም ይችላል። ሞተሪኖው እያዞረ፣ እሳቱ ግን የለም። በእግር የሚረገጥ ማስነሻ ካለው ሞተሪኖውን ትታችሁ በእግር ሞክሩ፤ በእግር ሲሆን እሳት ከመጣ ወደ ባትሪውና ወደ ሞተሪኖው ዙሩ።

ቀላሎቹን ንቆ ማለፍ

ቀዩ ማጥፊያ ስዊች ተዘግቶ ይሆናል። በአንዳንድ ሞተር ሳይክሎች ይሄ ስዊች ሞተሪኖውን አያቆምም፣ እሳቱን ብቻ ነው የሚቆርጠው። የጎን ማቆሚያው ስዊች ጭቃ በልቶት ይሆናል። የፍሪሲዮን ስዊችና የኒውትራል ምልክትም በብዙ ሞዴሎች ከእሳቱ ጋር የተያያዙ ናቸው። በኋላ የተገጠመ አላርም ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ብዙዎቹ አላርሞች የእሳቱን መስመር ቆርጠው ነው መሀል የሚገቡት፣ መጋጠሚያቸው በደንብ ካልተበየደ ደግሞ በንዝረት ይላላል።

ፊውዝን በዓይን ብቻ አይቶ ማለፍም ትክክል አይደለም። ሽቦው ሙሉ መስሎ ጫፉ ላይ ፀጉር በሚያክል ስንጥቅ የተቋረጠ አለ። ቁልፉን ከፍታችሁ በሁለቱም ጫፎቹ ቮልት ለኩ። በአንዱ በኩል ኖሮ በሌላው ከሌለ ተገኝቷል።

ሲዲአይን ቀድሞ መግዛት

ዋናው ስህተት ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ሲዲአይ በተራ ቴስተር ደህና ነው ወይም ሞቷል ተብሎ በአስተማማኝ አይለካም። የሚታወቀው በማጣራት ነው፦ የሚገባው ሁሉ ትክክል ሆኖ፣ ቦቢናውም ደህና ሆኖ፣ እሳት ከሌለ ያኔ ሲዲአዩ ነው። ከዚያ በፊት መግዛት ግምት ነው። ተመሳሳይ ሞዴል ያለው ጓደኛ ካላችሁ የሱን ተውሳችሁ መሞከር ከሁሉ ይሻላል፣ ግን መስመሩ ላይ ሾርት ካለ የሱንም ልታቃጥሉበት ስለምትችሉ መጀመሪያ ለክታችሁ ነው።

ከመለካታችሁ በፊት ግን ሲዲአያችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ። አንደኛው ዓይነት ኃይሉን በቀጥታ ከስታተር የሚያገኝ የኤሲ ሲዲአይ ነው። ባትሪው ቢወልቅም በእግር ይነሳል። ሁለተኛው ከባትሪ 12 ቮልት የሚፈልግ የዲሲ ሲዲአይ ነው። ባትሪው ከሞተ ሲዲአዩም ይሞታል። ሶኬታቸው ሊመሳሰል ይችላል፣ አንዱን በሌላው ቦታ መግጠም ግን አይቻልም። አዲስ ሲዲአይ ገዝተው "ይሄም አልሠራም" የሚሉ ሰዎች ጋ አንዳንዴ ችግሩ ይሄ ሆኖ ይገኛል።

ዲሲ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ በኃይል መግቢያው ሽቦና በሞተሩ ብረት መካከል ለኩ። ወደ 12 ቮልት መኖር አለበት። እያዞራችሁም ለኩት። ከሌለ ሲዲአዩን ተዉትና ወደ ቁልፍ፣ ወደ ማጥፊያ ስዊችና ወደ ፊውዝ ተመለሱ።

ኤሲ ከሆነ ማጥፊያው በተቃራኒው ነው የሚሠራው። ቁልፉ ሲዘጋ የማጥፊያውን ሽቦ ከማሳ (ከሞተሩና ከሻሲው ብረት) ጋር ያገናኘዋል፣ እሳቱም ይጠፋል። ማለትም ያ ሽቦ የሆነ ቦታ ተልጦ ሻሲውን ከነካ፣ ቁልፉ ተከፍቶም ሞተሩ "ጠፍቻለሁ" ብሎ ነው የሚያስበው። ፍተሻው ታዲያ ቀላል ነው፦ ያንን አንድ ሽቦ ከሲዲአዩ ሶኬት አውጡና ሞክሩ። እሳት ከመጣ ጥፋቱ ሽቦው ወይም ስዊቹ ነው፣ ምንም መግዛት አያስፈልግም። አንድ ነገር አትርሱ፤ ሽቦው ወልቆ እያለ ሞተሩ ከተነሳ በቁልፍ አይጠፋም። ማርሽ አስገብታችሁ፣ ፍሬን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ በመልቀቅ ታጠፉታላችሁ። ይሄን ቀድማችሁ አስቡበት።

በኤሲው ላይ ከስታተር የሚመጣውን የኃይል ጥቅልልም ለኩ። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ጥቂት መቶ ኦም ያነባል፣ እያዞራችሁ በኤሲ ቮልት ስትለኩት ደግሞ በአሥሮች የሚቆጠር ቮልት ይሰጣል። ያ ሽቦ ሊያነዝር ስለሚችል በባዶ እጅ አትንኩት።

ፒክአፕን መርሳት፣ ወይም ሲቀዘቅዝ ብቻ መለካት

ፒክአፕ ትንሽ ናት፣ ያለሷ ግን ሲዲአዩ መቼ እንደሚለቅ አያውቅም። በብዙ ሞዴሎች ከ100 እስከ 300 ኦም አካባቢ ታነባለች፣ ትክክለኛውን ቁጥር ከሞተር ሳይክላችሁ መመሪያ እዩ። ቁጥሩ ጨርሶ ከሌለ ውስጧ ተበጥሷል፣ ዜሮ ከሆነ ሾርት ነው።

እዚህ ጋ የሚያሳስተው ሙቀት ነው። ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ቀዝቅዞ ሲቆይ ደግሞ የሚነሳ ሞተር ሳይክል ካላችሁ የፒክአፗ ሽቦ በሙቀት ሲለጠጥ እየተለያየ ሊሆን ይችላል። ቤት ገብቶ ቀዝቅዞ ስትለኩት ቁጥሩ ልክ ነው። ስለዚህ እንደጠፋ ወዲያው፣ ገና ትኩስ እያለ ለኩት። ካልተመቸ በፀጉር ማድረቂያ እያሞቃችሁ ቁጥሩ ሲዘል ወይም ሲጠፋ ተመልከቱ። በፒክአፗና በቮላኖው ጉብታ መካከል የብረት ብናኝ ወይም ጭቃ ካለም አጽዱ።

ቦቢናን ከነኮፍያው መለካት

የካንዴላ ኮፍያ ብዙ ጊዜ በውስጡ 5 ኪሎ ኦም ገደማ መከላከያ (ሬዚስተር) አለው። ኮፍያውን ሳታወልቁ ከለካችሁ ይሄ ቁጥር ይጨመርና ያሳስታችኋል። ባሰ ደግሞ ኮፍያው ውስጥ ያለው መከላከያ ራሱ ተቃጥሎ "ቦቢናው ሞቷል" ይባላል፣ ርካሹ ኮፍያ መቀየር ሲገባው ቦቢናው ይጣላል። ኮፍያው የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ ፈትታችሁ ለብቻው ለኩት። የገመዱ ጫፍ አረንጓዴ ሆኖ ከሆነ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ መልሳችሁ አሽከርክሩት።

የቦቢናው የመጀመሪያ ጥቅልል ቁጥሩ በጣም ትንሽ ነው፣ በሲዲአይ ቦቢናዎች ከአንድ ኦም በታች የሆኑ ብዙ ናቸው። የቴስተሩ የራሱ ገመዶች ከ0.2 እስከ 0.5 ኦም ሊያነቡ ስለሚችሉ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች አነካክታችሁ የሚታየውን ቁጥር ቀንሱ። የሲዲአይን ቦቢና በቀጥታ 12 ቮልት ላይ ሰክቶ "ልሞክረው" ማለት ደግሞ ጥቅልሉን ማቃጠል ነው።

ማሳንና ሶኬቶችን መዝለል

ከሞተሩ ወደ ሻሲ፣ ከሻሲ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚሄዱት ገመዶች በሚታሰሩበት ቦታ ዝገትና ቀለም ከሥር ይገባል። ቴስተሩን በዲሲ ቮልት አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጉና አዙሩ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው ደካማ ነው። ፈትታችሁ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ አጽዱ። ቦቢናው የታሰረበትን ብሎንም እንደዚሁ፤ አዲስ የተቀባ ሻሲ ላይ ቦቢና ታስሮ ማሳ የሚያጣበት ጊዜ አለ።

ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ነቅላችሁ እዩ። ወደ ኋላ የተገፋ ፒን፣ አረንጓዴ ዝገት፣ ከእጥበት የቀረ ውኃ። በመሪው አንገት አካባቢ ያለው የሽቦ ጥቅል ደግሞ ለየት ያለ ትኩረት ይፈልጋል፣ መሪው በዞረ ቁጥር እየታጠፈ ስለሚኖር ሽፋኑ ደህና ሆኖ ውስጡ ይበጠሳል። ሰው መሪውን ግራ ቀኝ እያዞረላችሁ እናንተ ቁጥሩን ተመልከቱ።

እሳት ሳይኖር ዝም ብሎ ማዞር

ባዞራችሁ ቁጥር ቤንዚን ይገባል፣ ካንዴላው ይርሳል፣ የሞተሪኖው ጥቅልል ይግላል፣ ባትሪው ይወርዳል። ካርቡሬተር ካለው የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉ። በአንድ ጊዜ ከጥቂት ሰከንድ አታሳልፉ፣ በየመሀሉም አሳርፉት።

ኢንጀክሽን ያለውን እንደ ካርቡሬተሩ ማየት

እነዚህ ነዳጁ በኮምፒውተር ትዕዛዝ የሚረጭላቸው ሞተሮች ላይ ቁልፉ ሲከፈት የነዳጅ ፓምፑ ሁለት ሦስት ሰከንድ "እዝዝ" ማለት አለበት። ፓምፑም እሳቱም አብረው ከጠፉ ኮምፒውተሩ ኃይል ወይም ፈቃድ አላገኘም ማለት ነው፦ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ የኢሞቢላይዘር (የስርቆት መከላከያ) ቁልፍ። ወድቆ ከነበረ የመዘንበል ሴንሰሩ ቆርጦት ሊሆን ይችላል፤ በብዙ ሞዴሎች ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርጎ ቁልፉን ዘግቶ መክፈት ይበቃል።

እሳቱ ተመልሶ፣ ቤንዚንም ኖሮ፣ ሞተሩ ወደ ኋላ እየመታ አልነሳ ካለ ደግሞ ቮላኖውን ዘንጉ ላይ የሚይዘውን ቁልፍ ብረት እዩ። ያቺ ትንሽ ብረት ከተቆረጠች ቮላኖው ዘንጉ ላይ ይዞራል፣ እሳቱም ጊዜውን ስቶ ነው የሚመጣው። ቮላኖውን ለማውጣት የራሱን መንቀያ ተጠቀሙ፣ በመዶሻ ከተመታ ማግኔቱ ይሰነጠቃል።