የመኪና ፓርኪንግን ለአንድ ቀን መናፈሻ እንዴት እናድርገው?

መኪና ሳይኖራችሁ ፓርኪንግ መክፈል እብደት ይመስላል አይደል? ነገሩ የተጀመረው ግን እንደዛ ነው። በፈረንጆቹ 2005 ኖቬምበር ላይ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሪባር የሚባል የዲዛይን ስቱዲዮ ልጆች የፓርኪንግ ሜትሩን (መንገድ ዳር የቆመውን የመክፈያ ማሽን) ከፍለው በመኪና ፋንታ ሳር ዘረጉ፣ አንድ ዛፍና አግዳሚ ወንበር አስቀመጡ፣ የከፈሉበት 2 ሰአት ሲያልቅ ጠቅልለው ጠርገው ሄዱ። ሜትር መክፈል መሬት መከራየት ነው፣ በተከራየሁት መሬት ላይ የግድ መኪና ላቁም ያለው ማነው ነው ነገራቸው። ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ዞረና በ2006 በ13 ከተሞች 47 ትንንሽ መናፈሻ ተሰራ፣ አሁን ፓርኪንግ ዴይ ተብሎ በየአመቱ የሴፕቴምበር ሶስተኛው አርብ ላይ ይከበራል፣ እንቁጣጣሽ ካለፈ በሳምንቱ አካባቢ ማለት ነው።

መጀመሪያ ፈቃድ። እነሱ ዝም ብለው ሰርተውት ነው እናንተ ግን አትሞክሩት፣ ዲሲና ሲያትል ያላችሁ ከተማው ለዚህ ቀን ራሱን የቻለ ማመልከቻ ስላለው ሳምንታት ቀድማችሁ ጠይቁ። ከዛ ፊት ለፊት ያሉትን ሱቆች አናግሩ። ይሄን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ ባለሱቁ ግን ጠዋት መጥቶ ደንበኛው የሚያቆምበት ላይ ዛፍ ካየ ቀኑን ሙሉ ፀብ ነው፣ ቀድማችሁ ከነገራችሁት ግን ውሃና መብራት ራሱ ይሰጣችኋል።

ቦታ ስትመርጡ መኪና ቀስ ብሎ የሚሄድበት፣ እግረኛ የሚበዛበት፣ ሜዳ የሆነ ይሁን። ጥግ፣ አውቶቡስ ፌርማታ፣ የአካል ጉዳተኞች ፓርኪንግ፣ የእሳት አደጋ ውሃ መሳቢያ አጠገብ አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ መንገድ ዳር ያለ አንድ ቦታ ወደ 2.4 ሜትር በ6 ሜትር ነው፣ መኪና ከሚያልፍበት በኩል ግማሽ ሜትር ያህል ስትተዉ የሚቀራችሁ ትንሽ ስለሆነ እቃ አታብዙ።

ማታ ላይ የጓደኛችሁን መኪና እዛው አቁሙት (ማታ ማቆም የሚፈቀድ ከሆነ)፣ ጠዋት እሱ ሲወጣ እናንተ ትገባላችሁ፣ አለበለዚያ አንዱ ቀድሞ አቁሞበት ሄዶ ሳራችሁን ታቅፋችሁ መቅረት አለ።

ስትሰሩ ከመከለያው ጀምሩ። መኪና በሚመጣበት በኩል ከባድ ነገር፣ አፈር የሞላ ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ወይ የአሸዋ ጆንያ፣ ከዛ ኮን። መሬቱ ላይ ላስቲክ አንጥፉና ጥቅል ሳሩን ዘርጉ፣ የጎርፍ መውረጃውን ግን እንዳትደፍኑት። እርጥብ ሳር ሲሸከሙት ወገብ ይቆርጣል ስለዚህ ሰው አብዙ። የፕላስቲክ ሳር ቀላል ነው ግን ፀሀይ ሲመታው ይጋልና ማንም አይቀመጥበትም። እኛ ደሞ ቤት ውስጥ ቄጤማ ስንጎዘጉዝ የኖርን ሰዎች ነን፣ ካገኛችሁ እሱም ይበቃል።

ለኔ ግን ዋናው ሳሩ አይደለም ወንበሩ ነው። ቆንጆ ሳር ዘርግተው መቀመጫ የረሱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ፎቶ ሲነሱ ይውላሉ እንጂ አንድ መንገደኛ አይቀመጥላቸውም። ወንበሮቹን ፊታቸውን ወደ እግረኛው አዙሩ፣ አንድ ጥላ አቁሙ፣ ከናንተ አንዱ ቀድሞ ይቀመጥ ምክንያቱም ባዶ ቦታ ላይ የመጀመሪያው መሆን ሰው ያፍራል። ቡና ካሰባችሁ ከሰል መንገድ ላይ ማቀጣጠል ችግር ስለሚያመጣ ቤት አፍልታችሁ በፔርሙስ አምጡት፣ ዝም ብላችሁ አድሉት፣ መሸጥ የዚህ ቀን ወግ አይደለም።

አዲስ አበባ ከሆናችሁ ሜትር ፍለጋ አትድከሙ፣ በኛ አቆጣጠር በ2011 የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የሚባለው ከመኪና ነፃ ቀን ሲኖር መንገዱ ራሱ ስለሚዘጋ ወንበርና አበባ ይዞ መውጣት ነው።

ሲያልቅ ሳሩን ቶሎ ጠቅልሉት፣ ተጠቅልሎ ካደረ ቢጫ ይሆናል፣ ስለዚህ ግቢ ያለው ወዳጅ ቀድማችሁ ፈልጉና በዛው ማታ ተክላችሁ ውሃ አጠጡት።